የኮርያ እንቁላልና የምሥራቅ ጎጃም ባልትና
በ1943 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የቃኘው ሻለቃ ጦር በዘመተባት በኮርያ፣ እንቁላልን ቀቅሎና ልጦ፣ ከአኩሪ አተር በሚዘጋጅ ጨዋማ ጥቁር ስጎ ውስጥ ከስኳር፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከቃሪያና ከሰሊጥ ጋር ዘፍዝፎ የማሳደር ጥበብ አለ፤ ይህም ለምሥራቅ ጎጃሟ ለአምበር እመቤት ፈጽሞ ባዕድ ሊሆንባት አይገባም፤ እርሷም ብትሆን የዶሮ ወጧን እንቁላል፣ ቁሌቱ እንዲሰርጽበት፣ በቢላዋ ጫር ጫር የምታደርግ ናትና። ሆኖም ኮርያውያን 6 ወይም 7 ደቂቃ ብቻ ቀቅለው አስኳሉን ሳይጠና መተዋቸውን (ምላስ ቢወደውም) እኔ አልደግፈውም፤ ስለዚህ ዐቢይ ጾም ተፈጽሞ፣ ከበዓለ ትንሣኤ በኋላ፣ እንቁላል ወደ ማዕድ በሚመለስበት በፍስክ ወራት ልትሞክረው የምትወድ ባለሙያ አስኳሉ እስኪጠና ትቀቅለው፣ ማቀዝቀዣ ከሌላትም ሳታሳድር በዚያው ቀን ታቅርበው፤ ስጎው ራሱ ጨዋማ ነውና ሌላ ጨው አትጨምርበት።