ደባርቅ መቀመጫ ሆነች፤ በየዳስ?

የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን በ2010 ዓ.ም. ገደማ ለሦስት ተከፈለ። ማዕከላዊ ጎንደር ጎንደር ከተማን፣ ምዕራብ ጎንደር ገንዳ ውኃን፣ የአሮጌውን ስም የወረሰው ሰሜን ጎንደር ደግሞ ደባርቅን መቀመጫ አደረጉ። ምክንያቱ አሳማኝ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የአሮጌው ዞን ሕዝብ 2.9 ሚሊዮን ደርሶ ነበር፤ ከመተማ ቆላ እስከ ራስ ዳሽን ግርጌ ያለው ሰው ሁሉ ጉዳዩን ይዞ ወደ ጎንደር ይጎርፍ ነበር። መንግሥት ወደ ሕዝብ ይቅረብ መባሉን ማንም አይጠላም፤ እኔም አልጠላሁትም። ግን ለየትኛው ሕዝብ ነው የቀረበው?

የዚሁ ዞን ወረዳ የሆነችውን የበየዳን ሰው መንገድ እንመልከት። ከወረዳው ከተማ ከድልይብዛ ተነስቶ በጃናሞራ ወረዳ በኩል ይመጣል፤ የቧሂትን ተራራ ብርድ ተሻግሮ፣ ጨነቅን አልፎ፣ የሰሜን ተራሮች ፓርክን አቋርጦ ደባርቅ ይገባል። ድሮ ጎንደር ሲሄድም የሚያልፈው በዚሁ ነበር። ደባርቅ መቀመጫ ስትሆን የቀረለት ከደባርቅ ወደ ጎንደር የሚወስደው መቶ ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ብቻ ነው፤ ከጉዞው ሁሉ ቀላሉ ማለት ነው። አይሱዙ ላይ ተጭኖ፣ ጋቢውን አፍንጫው ድረስ ተከናንቦ የሚያልፈው ኮረኮንች እንዳለ ነው። ታዲያ አዲሱ መቀመጫ የማንን መንገድ አሳጠረ? የባለጉዳዩን ወይስ ከጎንደር ተነስቶ በአስፋልት እየነዳ የሚመጣውን ኃላፊ?

ባለጉዳዩ ደርሶም አላበቃም። ማመልከቻው በላስቲክ ተጠቅልሎ በጉያው አለ። በር ላይ የምትቀበለው ልጅ ክፉ አይደለችም፤ “አባቴ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ነገ ጠዋት ይምጡ” ትለዋለች። በደባርቅ ውርጭ የት ይደር? ያልታሰበው የአልጋና የምግብ ወጪ ከየት ይምጣ? ሁለት ቀን ተጉዞ ለመጣ ሰው ቅድሚያ የሚሰጥ አሠራር ማውጣት ስንት ብር ይፈጃል? ምንም አይፈጅም። ለምን አይደረግም?

ደባርቅ ለመቀመጫነት አዲስ አይደለችም። በአውራጃው ዘመን የሰሜን አውራጃ ከተማ ነበረች፤ ጎረቤቷ ዳባት ደግሞ የወገራ። አውራጃ ሲፈርስ ዳባት ወረዳ ሆና ቀረች። ከአውራጃ ከተማነቷ ምን ተረፋት ብሎ የጠየቀ ሰው መልሱን እዚያው ገበያዋ መሀል ቆሞ ያገኘዋል፤ ያቆያት መንገዱና የገብሷ ገበያ እንጂ ጽሕፈት ቤቱ አይደለም። ነገ ደግሞ መዋቅሩ ቢቀየር ደባርቅ ላይ ምን ይቀራል? ዩኒቨርሲቲው ይቀራል፤ የሰሜን ተራሮች ፓርክ ጽሕፈት ቤትም ይቀራል። ሁለቱም ዞኑ ያመጣቸው አይደሉም። ዞኑ ራሱ ተክሎ የሚተወው ምንድን ነው?

የሰሜን ሰው መቀመጫ ሠሪው አንድ፣ ተቀማጩ ሌላ ሊሆን እንደሚችል ያውቃል። የሰሜን ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ያሠሩት የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ድል ያደረጓቸው ካሳ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡበት ሆነ። ያም የሆነው በጃናሞራ ነው። ያን ያህል የታሪክ ክብደት ያለበት ወረዳ ዛሬም በድርቅ ወሬ ብቻ እንዴት ይታወሳል? በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ድርቁ ጃናሞራን፣ በየዳንና ጠለምትን ሲመታ መቀመጫው ደባርቅ ነበር። እህሉ ከደባርቅ ተነስቶ የመጨረሻው ቀበሌ እስኪደርስ ስንት ቀን ፈጀ? ያን የመዘገበ አለ? ከመዘገበስ ለማን አሳወቀ?

ከሁሉ የሚከነክነኝ የግጭ መንደር ሰዎች ነገር ነው። በ2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ አባወራ ከፓርኩ መሀል ተነስቶ ደባርቅ ሰፈረ። ዩኔስኮ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ያስገባውን ፓርክ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. አወጣው። ተራራው ተረፈ፤ ደስ ብሎናል። ገብስ አምርቶ፣ በግ አርብቶ የኖረ ገበሬ ግን ከተማ ውስጥ ካሳው ሲያልቅ ምን ይሠራል? እነዚህ ሰዎች ደባርቅ በገቡ በሁለት ዓመት ገደማ የዞን መምሪያዎች ተከትለዋቸው ደረሱ። ከዚያ ወዲያ ርቀት ሰበብ ሊሆን አይችልም፤ ቢሮውና ሰፈራቸው አንድ ከተማ ነው። የትኛው መምሪያ በራቸውን አንኳኩቶ እንዴት ዋላችሁ አለ? ልጆቻቸው ተምረው ከዞኑ ሥራ ስንቶቹ ተቀጠሩ?

እነዚህን ጥያቄዎች ማን ይጠይቅ ወደሚለው ስንመጣ ነገሩ ይከፋል። በአማራ ክልል የአዊ፣ የዋግ ኽምራና የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደሮች የራሳቸው ምክር ቤት አላቸው። ሰሜን ጎንደርን የመሰሉ ዞኖች ግን የክልሉ መንግሥት ቅርንጫፎች ናቸው፤ አስተዳዳሪው የሚሾመው ከላይ ነው። የበየዳ ገበሬ ለቀበሌው፣ ለወረዳው፣ ለክልሉና ለፌዴራሉ ምክር ቤት ድምፅ ይሰጣል፤ ደባርቅ ላለው መሥሪያ ቤት ግን አይሰጥም። ሥልጣኑን ወደ ሕዝብ አቀረብን ሲባል ተጠያቂነቱ ባሕር ዳር ለምን ቀረ?  

በሕግ ምክር ቤት ባይኖርም መልስ መስጠትን የሚከለክል ሕግ የለም። የዞኑ አስተዳደር ከበጀቱ ምን ያህሉ ለደመወዝ፣ ለአበልና ለነዳጅ፣ ምን ያህሉስ ለበየዳና ለጃናሞራ መንገድ እንደዋለ ጽፎ በየወረዳው ሰሌዳ ላይ ለምን አይለጥፍም? ዓመታዊ ግምገማውንስ ለምን አንድ ጊዜ ድልይብዛ ላይ አያካሂድም? ኃላፊዎቹ በዚያው በባለጉዳዩ መንገድ፣ በክረምት፣ ቧሂትን ተሻግረው ይሂዱ፤ ሪፖርታቸውንም በበየዳ ሕዝብ ፊት ያንብቡ።