ቴምብሩን ቆርጦ፣ ውሉን ጥሎ!

እኔ የምለው፣ ከድሮ ውል ላይ የቀረጥ ቴምብር በመቀስ ቆርጦ አልበም ውስጥ መክተት ‹‹ቅርስ መሰብሰብ›› የተባለው ከመቼ ወዲህ ነው? ቴምብሩ ብቻውን ምን ይነግረናል? ዋጋውንና ቀለሙን፤ በቃ። ወረቀቱ ግን ማን ለማን፣ የቱን ቤት፣ በስንት ብር እንደሸጠ፣ እነማን እንደመሰከሩ ይናገራል። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ከማድረጉ በፊት ሰፈራችን የማን እንደነበር ከሚመሰክሩት አንዱ እሱ ነው። ቴምብሩንና ወረቀቱን አያይዞ የተመታው ማኅተምም በመቀሱ ለሁለት ይከፈላል።

‹‹ባልገዛው ኖሮ የቆሎ መጠቅለያ ይሆን ነበር›› ትሉኛላችሁ። እውነት ነው! እንግዲያው ሙሉውን ግዙት፤ ከነቴምብሩ፣ ከነፊርማው አስቀምጡት። አለዚያ ሥራችሁ ምስክሩን ቀብሮ ኮፍያውን ግድግዳ ላይ መስቀል ነው።