የወርዋሪው ዋጋና የነፃነቱ ዋጋ

ብርዱ ገብቶ የቤዝቦሉ ሜዳ ሲዘጋ ዋሽንግተን ውስጥ ሌላ ጨዋታ ይጀመራል። ይኼኛው ኳስም ዱላም አይፈልግም፤ ምላስ ይበቃዋል። የናሽናልስ ቡድን ደጋፊዎች «የትኛውን ወርዋሪ እናስፈርም?» እያሉ እስከ የካቲት ይሟገታሉ። እኔ በምሠራበት የመኪና ማቆሚያ ይህ ሙግት ሳይነሳ ያለፈ ታኅሣሥ አላስታውስም።

ውድ አንባቢያን፣ «አንተን ደግሞ ከቤዝቦል ምን አገናኘህ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና ይህ ቡድን ዋሽንግተን የገባነው በአንድ ዓመት፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2005 ነው (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም እንደዚያው ናቸው)። እሱ ከሞንትሪያል ተነቅሎ፣ እኔ የመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅነቴን አዲስ አበባ ጥዬ። ለእሱ ስታዲየም ተሠራለት፤ ለእኔ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ የገንዘብ መቀበያ ሳጥን ተሰጠችኝ። ይህን ያህል ዘመን የተጎራበተ ሰው ስለ ጎረቤቱ ቢያወራ ነውር የለበትም።

ተሟጋቾቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው የሕንፃው ጥበቃ፣ የዚሁ ከተማ ተወላጅ የሆኑ ጥቁር አሜሪካዊ አዛውንት ናቸው። ሁለተኛው ከላይ ፎቅ የሚሠራ ወጣት የሒሳብ ባለሙያ ነው።

«ሠላሳ ዓመት ለሞላው ክንድ የሰባት ዓመት ውል መፈረም ገንዘብ እሳት ውስጥ መጣል ነው» ይላል ልጁ።

«አንተ ልጅ፣ ጥቅምት የዋንጫ ወር ነው። ወርዋሪ ሳይኖርህ በምን ልትመክት ነው?» ይላሉ አዛውንቱ።

ጨዋታውን ለማያውቅ ትንሽ ላስረዳ። በቤዝቦል ወርዋሪው ኳሷን ካልለቀቀ ምንም ነገር አይጀመርም። ከ18 ሜትር በላይ ርቀት ላይ ለቆመው መቺ፣ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚበር ፍጥነት ይወረውራል። በአንድ ቀን መቶ ጊዜ ያህል ከወረወረ በኋላ አራትና አምስት ቀን ማረፍ አለበት። ክንዱ ብረት ሳይሆን ሥጋ ነውና። «ፍሪ ኤጀንት» የሚባለው ደግሞ ውሉን ጨርሶ፣ ከፈለገው ቡድን ጋር የመዋዋል መብት ያገኘ ተጫዋች ነው። እንግዲህ የክረምቱ ሙግት በእነዚህ ሰዎች ላይ ነው።

ልጁ መዝገቡን ይዘረግፋል። ቡድኑ በ2015 መግቢያ ማክስ ሸርዘርን በ7 ዓመት 210 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመ። በ2018 መጨረሻ ፓትሪክ ኮርቢንን በ6 ዓመት 140 ሚሊዮን። በ2019 መጨረሻ ስቲቨን ስትራስበርግን በ7 ዓመት 245 ሚሊዮን። የመጀመሪያው ሰመረ፤ ልጁም አይክድም። ስትራስበርግ ግን ከዚያ ፊርማ በኋላ ስምንት ጊዜ ብቻ ወርውሮ ቀረ። በአንገቱና በትከሻው መካከል ያለው ነርቭ ታፍኖ፣ በቀዶ ጥገና ጎድን አጥንት እስከ ማስወጣት ቢደርስም አልዳነም። በ2024 ጡረታ ወጣ። ኮርቢንም ከ2021 እስከ 2023 ሦስት ዓመት በተከታታይ በናሽናል ሊግ ብዙ ሽንፈት የተመዘገበበት ወርዋሪ ሆነ። ከ2020 እስከ 2025 ድረስ ቡድኑ በአንድም ዓመት ካሸነፈው የተሸነፈው ያልበለጠበት ጊዜ የለም።

ልጁ ትክክል ይመስላል አይደል? እስቲ ቆዩኝ።

ጥቅምት 30 ቀን 2019 ሂዩስተን ላይ ምን ሆነ? የዋንጫው ሰባተኛና የመጨረሻ ጨዋታ ነበር። ከሦስት ቀን በፊት አንገቱን ታሞ መወርወር ያቃተው ሸርዘር ጨዋታውን ከፈተና አምስት ዙር ተሸከመ። ከዚያ ኮርቢን ገብቶ ሦስት ዙር አንድም ነጥብ ሳያስቆጥር ዘጋ። ናሽናልስ 6 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ሁለተኛውንና ስድስተኛውን ጨዋታ ያሸነፈው ስትራስበርግ የውድድሩ ኮከብ ተባለ። በዚያው ዓመት ግንቦት ውስጥ ቡድኑ 19 አሸንፎ 31 ተሸንፎ ነበር፤ ያን ጊዜ «አለቀለት» ያላለ ደጋፊ አልነበረም። ታዲያ የኮርቢንን 140 ሚሊዮን ስንመዝን ያቺን ሌሊት የትኛው ዓምድ ውስጥ እንጻፋት? ልጁ ለዚህ መልስ የለውም። ሒሳቡ የሽንፈቱን ዓመታት ይቆጥራል እንጂ ዋንጫን የሚያስገባበት ሣጥን የለውም።

«ከስትራስበርግ ይልቅ አንተኒ ረንዶንን ባስቀረን» የሚሉም አሉ። በዚያው ታኅሣሥ ረንዶን በዚያው በ7 ዓመትና በ245 ሚሊዮን ወደ ሎስ አንጀለስ ኤንጅልስ ሄደ። እሱ ወርዋሪ አይደለም፤ «ክንዱ ያልቃል» የሚባል ስጋትም አልነበረበትም። ከ2020 እስከ 2025 ግን በጉዳት ምክንያት በአንድም ዓመት 60 ጨዋታ አልሞላም። የነገን የሰው አካል ማን ያውቃል?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ልጁ የሚያነሳው ቅሬታ «የምንከፍለው ለትናንቱ ነው» የሚል ነው። እውነት ነው። ግን ለምን? ደንቡ እንዲህ ስለሚል ነው፦ ተጫዋች ከፍተኛው ሊግ ከገባ በኋላ ስድስት ዓመት ካላገለገለ ነፃ አይወጣም። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በዝቅተኛው ደመወዝ አካባቢ ይወረውራል። ክንዱ ትኩስ በነበረበት ጊዜ የሠራው ትርፍ ለባለቤቶቹ ገብቷል። ገበያ የሚወጣው ሠላሳ ሲጠጋ ነው። ትናንት ያልተከፈለውን ዛሬ ሲቀበል «ዘረፈን» ይባላል። ይልቅ ማን ማንን ሲዘርፍ ቆየ?

ደግሞስ ያልተከፈለው ገንዘብ ለማን ይተርፋል? ወርዋሪ ሳይገዛ የቀረ ቡድን የቲኬት ዋጋ ቀንሶ ለደጋፊው ሲመልስ አላየሁም። ልጁ ሌት ተቀን የሚጠብቀው የራሱን ሳይሆን የባለሀብቱን ኪስ ነው። ያለ ደመወዝ ዘብ መቆም ይሏል ይህ ነው።

ይቺ የስድስት ዓመት መብት እንኳ በነፃ አልተገኘችም። ከርት ፍለድ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ በሴንት ሉዊስ 12 ዓመት ተጫውቶ፣ ሁለት ዋንጫ አስገኝቶ፣ በ1969 ሳይጠየቅ ለፊላደልፊያ ተሰጠ። በዚያ ዘመን ቡድን ተጫዋቹን ዕድሜ ልኩን የማስቀረት ወይም የማሳለፍ ሥልጣን ነበረው። ፍለድ ግን «እንደ ዕቃ የምሸጥና የምገዛ አይደለሁም» በሚል አቋሙ ጸንቶ ከሰሰ። 1970ን ሙሉ ሳይጫወት ቀረ። ጃኪ ሮቢንሰንና ሀንክ ግሪንበርግን የመሳሰሉ ጡረተኞች መጥተው መሰከሩለት፤ በሥራ ላይ ካሉት ተጫዋቾች ግን አንድም ሰው ለምስክርነት አልቆመም። በ1972 በጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ 3 ተሸነፈ። በ1975 መጨረሻ አንዲ መሰርስሚዝና ዴቭ ማክናሊ የተባሉ ሁለት ወርዋሪዎች ባነሱት ክርክር ነው ገላጋይ ዳኛው ፒተር ሳይትዝ በሩን የከፈተው። ባለቤቶቹ ወዲያው ዳኛውን አባረሩት። ፍለድ በ1997 አረፈ። ያንን በር ያንኳኳው እሱ ነበር፤ በእሱ መንገድ የገቡት ሚሊየነር ሆኑ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይህ ነው።

አዛውንቱ ፍለድን በዓይናቸው አይተውታል። በ1971 እዚሁ ዋሽንግተን ለሴኔተርስ 13 ጨዋታ ተጫውቶ፣ ጉልበቱ አልቆ ሄደ። «አባቴ ይዞኝ ሄዶ ‹ይህን ሰው በደንብ እየው› አለኝ» ይላሉ።

ይህን ሲነግሩኝ አንድ ነገር ወጋኝ። እኔም አንድ ማለዳ ጠረጴዛዬ ላይ ደብዳቤ ቆይቶኛል፤ «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል ከዛሬ ጀምሮ ተዛውረዋል» የሚል። ማንም አልጠየቀኝም። እሱን ሳወራ ኖሬያለሁ። የማላወራው ሌላውን ነው። ከዚያ በፊት አዘጋጅ ሆኜ እንዲያው ያለ ደብዳቤ ለሪፖርተሮች እኔም ፈርሜያለሁ። አንዱ «ለምን?» ብሎ ሲጠይቅ በሥራ ላይ ያለን ሁላችን አንገታችንን ደፍተን ነበር። የእኔ ተራ ሲደርስ ማን ቀና እንዲል ጠበቅሁ? ስለዚህ ስለ ወርዋሪ ሲወራ «ይሄ ዕቃ አርጅቷል» የሚል ቃል ስሰማ ዝም ማለት ያቅተኛል።

ለመሆኑ የእኔ አስተያየት ምንድን ነው? አንድ ዋና ወርዋሪ ይፈረም፤ ዕድሜው ከሠላሳ በታች ቢሆን መልካም ነው። ሌሎቹ ከታች ይደጉ። የመጨረሻዎቹ የውል ዓመታት እንደማያምሩ ከወዲሁ ይታወቅ፤ ዋጋው የተከፈለው ለመጀመሪያዎቹ ነውና። ከሁሉም በላይ ክንዱ የከዳው ቀን ሰውየውን ሌባ አንበለው። እንዲህ ማድረግ በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ነው። ስትራስበርግ በሕመም ቤቱ የተቀመጠው ወዶ አይደለም።

ልጁ ይህን ስነግረው ሳቀና «አንተ ሒሳብ አታውቅም» አለኝ። ሊሆን ይችላል። አዛውንቱ ግን ከጥበቃ ወንበራቸው ሆነው «እሱስ የሚቆጥረውን ያውቃል» አሉ።

ቸር ይግጠመን።