የታወቀን ቀዳዳ ሳይደፍኑ ማደር አይገባም

ትናንት በወፍራም መዝገብ ይሰፍር የነበረው የነዋሪው ስም፣ የመሬት ይዞታውና የግብር ሒሳቡ ዛሬ ወደ ኮምፒዩተር በመግባት ላይ ይገኛል። በፋግታ ለኮማ ወረዳ መቀመጫ በአዲስ ቅዳምም ሆነ በእንጅባራና በዳንግላ፣ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛውም ሆነ የፎቶ ኮፒ አገልግሎት ሰጪው በዚሁ መሣሪያ ይገለገላል። የብዙኃን መረጃ የሰፈረበት መሣሪያ ጥበቃው የብዙኃን ጉዳይ ነው።

ኮምፒዩተርን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም የሰው ልጅ የሥራ ውጤት በመሆኑ እንከን አያጣም። አምራቹ እንከኑን ሲደርስበት በተለምዶ «አፕዴት» የምንለውን ማስተካከያ ያወጣል። እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባ ሐቅ አለ። ማስተካከያው ይፋ በሆነ ዕለት ቀዳዳው የት እንደ ነበረ ለአጥቂውም ይገለጥለታል፤ ከዚያ ወዲያ ሥራው ያልደፈኑትን መፈለግ ብቻ ነው። ስለሆነም ከማስተካከያው በኋላ የሚባክን እያንዳንዱ ቀን ከቀድሞው የባሰ አደጋ ይደቅናል።

ይህንንም ተጨባጩ ታሪክ አረጋግጦታል። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስን አንድ ከባድ ቀዳዳ የሚደፍን ማስተካከያ ያወጣው መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. ነበር። ከ59 ቀናት በኋላ፣ ግንቦት 4 ቀን፣ «ዋናክራይ» የተባለ አጥፊ ፕሮግራም በዚያው ቀዳዳ ገብቶ በ150 ያህል አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒዩተሮችን ቆለፈ፤ ለመክፈቻም ገንዘብ ጠየቀ። በእንግሊዝ ብቻ ከ19 ሺህ በላይ የሕሙማን ቀጠሮዎች ሳይሰረዙ እንዳልቀረ የአገሪቱ የኦዲት መሥሪያ ቤት በሪፖርቱ ጠቅሷል። መድኃኒቱ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ሳለ የሚወስደው ጠፋ።

በማስተካከያ ስም የሚመጣ ሁሉ ግን ማስተካከያ አይደለም። በውጭ አገር በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች ላይ በሐሰተኛ የ«አዶቤ ፍላሽ» ማስተካከያ አማካይነት የስለላ ፕሮግራም ለመጫን ሙከራ መደረጉን የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ ኅዳር 2010 ዓ.ም. አጋልጧል። በመሆኑም ማስተካከያ በኢሜይል ከተላከ አድራሻ ሳይሆን ከፕሮግራሙ ከራሱ ቅንብር ይወሰድ።

«የኢንተርኔት ዋጋ ውድ ነው፤ መብራትም ይቋረጣል» የሚሉ ወገኖች አሉ። ችግሩ እውነተኛ ነው፤ የሚፈታው ግን በመደራጀት ነው። ዊንዶውስ 10 እና 11 በአንድ መረብ የተያያዙ ኮምፒዩተሮች አንዱ ያወረደውን እንዲካፈሉ ያስችላሉ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማብቃቱም መታወቅ አለበት፤ በተጨማሪው መርሐ ግብር ያልተመዘገበ ኮምፒዩተር ከዚያ ወዲህ አዲስ የደኅንነት ጥገና አያገኝም።

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀለኛውን ይቀጣል፤ ክፍት የተተወን በር ግን አይዘጋም። በሩን የምንዘጋው እኛው ነን። እያንዳንዱ ጽሕፈት ቤትና ማኅበር ለዚህ ተግባር ኃላፊ ይመድብ፤ ቋሚ ቀን ይቁረጥ፤ የመዝገቡንም ቅጂ ከኮምፒዩተሩ ነጥሎ ያስቀምጥ። «ነገ አደርገዋለሁ» የሚለውን ልማድ ዛሬውኑ እንታገለው!