ስለ ተኩስ መለማመጃ መሬትና በአጠገቡ ስላለው እርሻ

ወታደር ተኩስ ሳይማር አገሩን ሊጠብቅ አይችልምና የተኩስ መለማመጃ ሜዳ ለመንግሥት ሁሉ ያስፈልጋል። ነገር ግን ለተኩስ የተሰጠውን መሬት እንደ ጠፍ መሬት ቈጥሮ መተው ትልቅ ስሕተት ነው። የተኩሱ ድምፅ ቢያልፍም እርሳሱና የፈንጂው ትራፊ በአፈሩ ውስጥ ይቀራል፤ ዝናብም ወደ ምንጩና ወደ ጕድጓዱ ያወርደዋል።

ለዚህ ነገር ምስክር የሚሆነው በአሜሪካ አገር፥ በማሳቹሴትስ ግዛት፥ በኬፕ ኮድ ያለው የካምፕ ኤድዋርድስ መለማመጃ ነው። የወረዳው አፈር አሸዋማ ስለ ሆነ የወደቀበትን ሁሉ ፈጥኖ ወደ ታች ያሳልፋል፤ ሕዝቡም የሚጠጣው ከዚያው ከመሬት ሥር የሚቀዳውን ውሃ ነው። በ1997 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ የመድፍና የሞርታር ተኩስ እንዲቆም አዘዘ። በምርመራውም አር ዲ ኤክስ የሚባለው ፈንጂና ፐርክሎሬት የሚባለው ጨው በውሃው ውስጥ ተገኙ። ፐርክሎሬት የእንቅርት ዕጢ አዮዲን እንዳያገኝ የሚከለክል ነውና ግዛቱ በ2006 በመጠጥ ውሃ ውስጥ ከቢሊዮን እጅ ከ2 እጅ እንዳይበልጥ ደነገገ። ውሃውን እየሳቡ የማጣራቱም ሥራ ብዙ ዓመታት ፈጀ።

በፖርቶ ሪኮ ያለችው የቪዬከስ ደሴትም እንደዚሁ ናት። የአሜሪካ ባሕር ኀይል ከ1940ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ሲተኵስባት ኖሮ በ2003 ለቀቀ፤ ነገር ግን በ2005 ደሴቲቱ መርዝ ተጥሎባቸው መጽዳት ከሚገባቸው ቦታዎች መዝገብ ገባች። ተኳሹ ሄደ፤ ያልፈነዳው ቦምብ ግን ቀረ።

አንዳንድ ሰዎች ይህ የጦር ሠራዊቱ ጕዳይ እንጂ የአገር ገዥ ጕዳይ አይደለም ይሉ ይሆናል። ነገር ግን ሠራዊቱ ሰፈሩን ሲለውጥ መሬቱ የሚመለሰው ለገዥውና ለባለመሬቱ ነው፤ ከብቱ ሲሞት የሚጮኸውም ገበሬ ወደ እነርሱ ነው የሚመጣው።

ስለዚህ መሬት ከመሰጠቱ በፊት ከምንጭ፥ ከወንዝና ከጕድጓድ የራቀ መሆኑ ይመርመር። ከዒላማው በስተኋላ የአፈር ክምር ይደረግ፤ በየጊዜውም አፈሩ እየተነፋ እርሳሱ ይለቀም። ኮምጣጣ አፈር እርሳስን ፈጥኖ ስለሚያሟሟ ኖራ ይጨመርበት። በእርሳስ መርዝ ይልቁንም ጥጃ ይጐዳልና ጥይት በሚያርፍበት ስፍራ ከብት አይሰማራ፥ ድርቆሽም አይታጨድ። የተረፈ ባሩድ በባዶ መሬት ላይ አይቃጠል። በግማሽ የፈነዳ ጥይት ፈጽሞ ከፈነዳው ይልቅ ብዙ መርዝ ይተዋል፤ ስለዚህ ያልፈነዳውና በግማሽ የፈነዳው ሁሉ ስፍራው ምልክት ይደረግበት፤ ባለሙያም ብቻ ያንሣው፤ እረኛ እንዳይነካው በየመንደሩ ይነገር።

ከሁሉ በላይ ምን ዓይነት ጥይት፥ በየትኛው ቀን፥ በየትኛው ስፍራ እንደ ተተኰሰ በመዝገብ ይጻፍ፤ የጕድጓዱም ውሃ ተኩስ ሳይጀመር በፊትና ከዚያም በኋላ በየዓመቱ ይመርመር። መዝገብ የሌለው ገዥ መሬቱን ሲረከብ ምን እንደ ተረከበ አያውቅም። የመዝገቡ ወጪ የወረቀትና የአንድ ጸሓፊ ደመወዝ ነው፤ የተበላሸ ውሃ ግን የልጅ ልጅ የሚከፍለው ዕዳ ነው።