ወደ ሮሜው የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ መሄድ ክሕደት ነውን?

የቅዱስ ጴጥሮስንና የቅዱስ ጳውሎስን መቃብር ለመሳለም ወደ ሮሜ የሄደ ኦርቶዶክሳዊ ምእመን ወደ አገሩ ሲመለስ ሁለት ዓይነት ሰዎች ይቀበሉታል። አንደኛው፥ «የካቶሊክን ደጅ የረገጠ እግር ንስሐ ሳይገባ ወደ ቅድስት አይግባ» ይለዋል። ሁለተኛው ደግሞ፥ «ሁሉም አንድ ነው፤ ከዚያው ቈርበህ ብትመጣ ምን ነበረበት?» ይለዋል። የፊተኛው ቅንዓት ዕውቀት የጐደለው ነው፤ የኋለኛውም ፍቅር የሚመስል ስንፍና ነው። ሁለቱንም የሚያስተባብል አንድ ጥንታዊ ቤት ከዚያው ከሮሜ ይገኛል።

ከታላቁ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ፥ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፥ አንዲት ታናሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። ስሟ በኢጣልያንኛ ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ፥ ማለት የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ይባላል። በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1471 እስከ 1484 በሮሜ መንበር የተቀመጡት ጳጳስ ሲክስቶስ 4ኛ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት ማረፊያ ትሆን ዘንድ ሰጧት። ኢየሩሳሌምን ተሳልመው ባሕር የተሻገሩት አባቶች ከዚያ ያርፉ፥ በግዕዝም ይጸልዩ ነበር።

የሠሩትም ሥራ ታናሽ አይደለም። በ1513 ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ካህን ቋንቋውን ከእነዚሁ መነኮሳት ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን በሮሜ አሳተመ፤ በግዕዝ ከታተሙት መጻሕፍት ሁሉ የመጀመሪያው ይህ ነው። በ1548ና በ1549ም የደብረ ሊባኖሱ መነኵሴ አባ ተስፋ ጽዮን ከባልንጀሮቻቸው ጋራ ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። አንባቢ ዘመኑን ያስተውል። ከ1529 እስከ 1543 በነበረው የግራኝ አሕመድ ጦርነት አብያተ ክርስቲያናት ከነመጻሕፍቶቻቸው ሲቃጠሉ ደብረ ሊባኖስም አብሮ ተቃጥሎ ነበር። ያ ጦርነት ካበቃ ገና ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ፥ የዚያው ገዳም ልጅ ወንጌልን በባዕድ አገር በእርሳስ ፊደል አስቀረጸ። በመጨረሻውም አታሚዎቹ ፊደሉን ማንበብ፥ እነርሱም ማተም ስለማያውቁ፥ ዕውር ዕውርን እንደሚመራ ተረዳድተው መሥራታቸውን ገልጠው ስለ ስሕተቱ ይቅርታ ለመኑ።

ከልካዩ ግን እንዲህ ብሎ ይከራከራል፤ «አባ ተስፋ ጽዮን ከሮሜው ጳጳስ ጋራ የተስማሙ አይደሉምን? ዓፄ ሱስንዮስስ የሮሜን ሃይማኖት ተቀብለው አገር በደም አልታጠበምን?» ሁለቱም እውነት ነው፤ ማንም አይክደውም። አባ ተስፋ ጽዮን የሮሜን እንጀራ በልተዋል፥ ከሮሜም ጋራ ተስማምተዋል። ዓፄ ሱስንዮስም በ1632 የአባቶችን ሃይማኖት መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ እስኪለቁ ድረስ የፈሰሰው ደም አይረሳም። ነገር ግን ከዚህ የሚገኘው ፍሬ ነገር «አትሂድ» ሳይሆን «ሳትማር አትሂድ» የሚለው ነው። ድንበሩን የሚያውቅ ገበሬ ከጎረቤቱ ማሳ ዳር ቢቆም ርስቱን አያጣም፤ የሚያጣው ድንበሩን የማያውቀው ነው፥ እርሱም ከቤቱ ተቀምጦ ሳለ እንኳ ያጣዋል። ቅዱስ ጳውሎስም በአቴና ከተማ ዞሮ መሠዊያዎቹን ተመለከተ እንጂ ዓይኑን አልጨፈነም፤ ካየውም ጽሕፈት ተነሥቶ ሰበከ።

ይህን ታሪክ የያዘው የሐዋርያት ሥራ ራሱ ለከልካዩ ሌላ ምስክር ይሆንበታል። አባ ተስፋ ጽዮን የያዙት የዚህ መጽሐፍ የግዕዝ ቅጂ ጐዶሎ ስለ ነበረ፥ የጐደለውን ከላቲንና ከግሪክ በሮሜ ተርጕመው ሞሉት። ያም እትም በ1657 ለንደን ላይ በታተመው የብዙ ቋንቋዎች መጽሐፍ ቅዱስ ገብቶ በአውሮፓ ሊቃውንት እጅ ተሰራጨ። እንግዲህ ከጥንት የወረደውን ከሮሜ ከተተረጐመው የሚለይ ማን ነው? ግዕዙን ከነምስጢሩ የሚያውቅ፥ ያንንም መጽሐፍ በዓይኑ ያየ የኢትዮጵያ መምህር አይደለምን? እርሱ እንዳይሄድ ከተከለከለ ፍርዱ ለባዕድ ይቀራል።

«ሁሉም አንድ ነው» የሚለውም ከወቀሳ አያመልጥም። በ451 በኬልቄዶን የተከፈለው የሃይማኖት ነገር በደግነት ብቻ አይዘጋም። የተዋሕዶን ምስጢር የጠበቁትን አባቶች ድካም በአንድ ቃል የሚሽር ሰው ኦርቶዶክሱንም ካቶሊኩንም አያከብርም፤ ሁለቱም የሚያምኑትን ከምር የያዙ ናቸውና። እንዲህ ያለው ሰው በሮሜ ደጅ ሥዕል አንሥቶ ሲመለስ፥ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ሳይፈታ ከጉባኤ እንደ ወጣ የቅኔ ተማሪ ነው። ከጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ግርማ ፊት ቆሞ ይደነቃል፤ የአባቶቹ ጸሎት የተደረገባት ታናሽ ቤት ከጀርባው መኖሯን ግን አያውቅም።

ስለዚህ ሐምሌ 5 ቀን የሐዋርያትን በዓል የምታከብር ቤተ ክርስቲያን ልጇ መቃብራቸውን ሊሳለም ቢነሣ ልታስተምረው እንጂ ልታስፈራራው አይገባም። ሃይማኖቱን አጽንቶ ይሂድ፤ ዳዊቱን በግዕዝ ይድገም፤ ከማዕዳቸው አይቍረብ፤ ያየውን ጽፎ ይመለስ። ከጉባኤ ቤት የወጡ ሊቃውንትም በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የሚገኙትን የግዕዝ ብራናዎች እንዲመረምሩ ይላኩ። ወቀሳ የሚገባው ሄዶ ላየው አይደለም፤ እንዳያይ ለከለከለውና ሳያስተምር ለሸኘው ነው እንጂ።