«አማራጭ» ለማን?

በስደት በምንኖርባቸው ከተሞች ስለ ድኻ ሀገሮች የገጠር ጤና በሚደረግ ውይይት፣ ነገሩ ሲከብድ አንድ ሰው ብድግ ይልና «ቻይናን ተመልከቱ!» ይላል። ቻይና ሐኪም ያልነበረውን ገበሬዋን በአያቶቿ ቅጠልና በአኩፓንክቸር መርፌ ታድጋዋለችና፣ የቻይና ባህላዊ ሕክምና ለገጠር ሕዝብ ርካሽና ክብሩን የጠበቀ አማራጭ ነው ይለናል። ጭብጨባ ይከተላል። እኔ አላጨበጭብም፤ የማላጨበጭብበትን ምክንያት ግን ማስረዳት ይገባኛል።

በመጀመሪያ «አማራጭ» የሚለውን ቃል እንመልከት። ቃሉ ቢያንስ ሁለት ነገር ለቀረበለት ሰው የተፈጠረ ነው። የሻንጋይ ወይም የቦስተን ነዋሪ ወገቡን ሲያመው ከአጥንት ሐኪሙና ከአኩፓንክቸር ባለሙያው የወደደውን ይመርጣል፤ ቢያሻው ወደ ሁለቱም ይሄዳል፤ ሕመሙ ቢጠናበትም የሚመለስበት ሆስፒታል አለው። በተራራማ መንደር ምጥ የጠናባት ሴት፣ የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን ግን ምን መረጡ? በደጃቸው ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ በችግር የተያዘውን ምርጫ ብሎ መጥራት በድኻ ላይ መቀለድ ነው።

ለመሆኑ ቻይናን ታደጋት የሚባለው ነገር እውነት ቅጠል ነበርን? እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 1965 ማኦ ዜዱንግ የጤና ሚኒስቴሩ የሚያገለግለው ከሕዝቡ 15 በመቶውን ብቻ ነው ብሎ ወቀሰ። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ወራት የሠለጠኑ የገበሬ ልጆች «ባዶ እግር ሐኪሞች» እየተባሉ በየመንደሩ ተሠማሩ፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ ቁጥራቸው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነበር። በቦርሳቸው ቅጠልና መርፌ እንደ ነበረ አልክድም። ነገር ግን ክትባትና አንቲባዮቲክም ነበረበት፤ መጸዳጃ ያስቆፍሩ፣ የመጠጥ ውኃ ያስጠብቁ፣ የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ ያስለቅሙ ነበር። የታሪክ ምሁሩ ሺያውፒንግ ፋንግ በ2012 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ባዶ እግር ሐኪሞቹ ዘመናዊውን ሕክምና ወደ ቻይና መንደር ያስገቡ ሰዎች ናቸው። የእኛ ተናጋሪዎች ግን ታሪኩን ገልብጠው ይተርኩልናል።

ከዚህም የሚበልጥ ማስረጃ አለ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የገበሬው የጋራ እርሻ ሲፈርስ፣ በእርሱ ገቢ ይተዳደር የነበረው የመንደር የሕክምና ማኅበርም በአብዛኛው አብሮ ፈረሰ፤ በ1985 ባዶ እግር ሐኪም የሚለው ስም ራሱ ቀረ። በሽተኛው ከኪሱ እንዲከፍል ተገደደ፤ ብዙው ቤተሰብም በአንድ ሰው ሕመም ምክንያት ዕዳ ውስጥ ወደቀ። ልብ በሉ! ቅጠሉ ያን ጊዜም በየተራራው እንደ በቀለ ነበር፤ መርፌውም አልዛገም። የጠፋው ገንዘቡና ድርጅቱ ነው። መንግሥቱ በ2003 የገበሬውን ችግር ለማቃለል ሲነሣም የጀመረው አዲስ የገጠር ጤና መድን ነው እንጂ አዲስ የቅጠል ማሳ አይደለም።

ማኦ ራሱስ? የግል ሐኪሙ የነበረው ሊ ዢስዊ በ1994 ባሳተመው ትዝታው እንደ ጻፈው ከሆነ፣ ሊቀ መንበሩ የቻይና ባህላዊ ሕክምና እንዲስፋፋ ይወድ ነበር፤ እርሱ ግን አያምንበትም፣ አይወስደውምም። ለሕዝብ የሚመክሩትን ለራስ አለመውሰድ የዚህ ክርክር የቆየ በሽታ ነው። ዛሬም «ለገጠሩ ይበቃዋል» የሚለው ተናጋሪ ልጁ ትኩሳት ሲይዘው ወዴት እንደሚሮጥ ሁላችንም እናውቃለን።

«ፈረንጅ ያስተማረው ሐኪም የጥንቱን ጥበብ ናቀ» የሚለኝ አይጠፋም። ባሕር ማዶ መማሬ እውነት ነው፤ ንቀቱን ግን አልቀበልም። ጥንታዊ ዕውቀት እንዴት እንደሚከበር ያስተማረችን ቱ ዩዩ ናት። በ1967 የተጀመረው የወባ መድኃኒት ፍለጋ አባል ሆና የጥንት መጻሕፍትን አገላበጠች፤ በአራተኛው መቶ ዘመን ገ ሆንግ የተባለ ሊቅ ቺንግሃው የተባለውን ተክል በውኃ ነክሮ ጭማቂውን መጠጣት እንደሚገባ ጽፎ አገኘች። አፍልቶ አለማለቱን አስተዋለች፤ ሙቀት ፍቱኑን ነገር ሳያጠፋው አይቀርም ብላ አሰበች፤ በ1971 በኤተር፣ በዝቅተኛ ሙቀት አወጣችው። በእንስሳት፣ ቀጥሎም በራሷና በባልደረቦቿ፣ ከዚያም በበሽተኞች ተፈተነ። አርቴሚሲኒን ተብሎ የታወቀውና በ2015 የኖቤል ሽልማት ያስገኘላት መድኃኒት ይህ ነው። ከ2004 ጀምሮ ኢትዮጵያ ለወባ የመረጠችው ኮአርተም ከዚህ ግኝት የተወለደ ነው። የቆላውን ገበሬ የፈወሰው እንግዲህ ተመዝኖ፣ ተጣርቶና ተፈትኖ ከሌላ መድኃኒት ጋር የተቀናጀው ኪኒን ነው። የተክሉን ሻይ ለወባ መጠጣትን የዓለም የጤና ድርጅት እስከ ዛሬ አይደግፍም።

ሳይፈተን ሲቀርስ? በ1990ዎቹ መጀመሪያ በብራስልስ ክብደት ለመቀነስ የቻይና ቅጠል የተጨመረበት ኪኒን የወሰዱ ሴቶች ኩላሊታቸው ከሥራ ውጭ ሆነ። ስሙ ከሌላ ተክል ጋር በመመሳሰሉ በስሕተት የገባው አሪስቶሎኪያ የተባለ መርዘኛ ተክል ነበር። ተጎጂዎቹ ወደ መቶ ደረሱ፤ ብዙዎቹም ኋላ የሽንት ቧንቧ ካንሰር ያዛቸው። ጉዳቱ የታወቀው ብራስልስ የኩላሊት ሐኪምና የተጠበቀ መዝገብ ስላላት ነው። ያው ቅጠል ሐኪምና መዝገብ በሌለበት መንደር ቢሰጥ ማን ይቆጥር ነበር? «ለዘመናት ተጠቅመንበት ማንንም አልጎዳ» የሚሉን፣ የሞተውን የሚመዘግብ በሌለበት ስለ ሆነ ነው የሚደፍሩት። ቻይናም ከ2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ፣ ከጥንታዊ መጻሕፍት የተወሰዱ የተመረጡ ቅመማዎች በሰው ላይ ሳይፈተኑ ፈቃድ እንዲያገኙ በር ከፍታለች። ይህ ለነጋዴው እፎይታ ነው፤ ለገበሬው ግን ምን ይጨምርለታል?

የመንደሩ ባህላዊ ሐኪም ከእኛ የሚበልጥበት ነገር አለ፤ ይህን መካድ ነውር ነው። በሌሊት ሲጠሩት ይመጣል፤ የበሽተኛውን ቋንቋና ቤተሰብ ያውቃል፤ ችኮላ የለበትም። ይህን ከእርሱ እንማር። ሆኖም ደግነቱ ምጥ የያዛትን ሴት ደም አያቆምም።

እኛም ከቱ ዩዩ ጋር የሚመሳሰል አብነት አለን። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እንዶድን አመስግነው ብቻ አላለፉም፤ ለዓመታት መረመሩት፣ ለክፉ ነቃፊም አቀረቡት፤ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ። የሴቶቹን ዕውቀት ያከበሩት በመመርመር ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ቀላል ነው። ቅጠሉ ይምጣ፤ የከተማው ሰው ኪኒን በሚያልፍበት በር ይለፍ፤ ያለፈው ለሁሉም ይሰጥ፣ የወደቀው ለማንም አይሰጥ። እስከዚያው ግን ለመንደሩ የሚገባው የሠለጠነች አዋላጅ፣ ክትባት የሚያቀዘቅዝ ፍሪጅ፣ ሆስፒታል የሚያደርስ መንገድና ወጪውን የሚሸከም መድን ነው። እነዚህ ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ «ቻይናን ተመልከቱ» የሚለው ንግግር የሚጣፍጠው ይህን ገንዘብ የማውጣት ግዴታ ያለበትን መንግሥት ከተጠያቂነት ስለሚያድነው ነው። ቻይናን እንመልከት፤ ግን ከቦርሳው ቅጠሉን ብቻ እየመረጥን አይሁን።